የእግር ሹራብ ሥራና የድመት ጓደኝነት

ስለ ደስታ ድርሰት እንዲጽፉ የታዘዙ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ሠርግ፣ ስለ ዓመት በዓል ወይም ፈተና ስለ ማለፍ ነው። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ድርሰቶችን አርሜአለሁ። ሠርግም ሆነ በዓል እንደሚያስደስት አልክድም። ይሁን እንጂ ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ ሠርጉና በዓሉ ግን ጥቂት ናቸው። የቀረው ቀን በምን ያልፋል? በዚህ ምንባብ የምገልጽላችሁ በተራው ቀን፣ በተራው ቤት ውስጥ ስለሚገኙ ሁለት ትንንሽ ደስታዎች ነው። አንደኛው በእጅ የእግር ሹራብ መሥራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከድመት ጋር መኖር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያቀረብኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ደስታንም አደጋንም እንደሚያመጡ በገዛ ቤቴ አይቻለሁና።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ዛሬ በተለምዶ «ካልሲ» የምንለው ልብስ በመጽሐፍ አማርኛ «የእግር ሹራብ» ይባላል። ካልሲ «ካልዜ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ሹራብ ደግሞ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን፣ በግብፅ ዐረብኛ «ሸራብ» ሲባል እስከ ዛሬ ድረስ የሚያመለክተው በእግር የሚጠለቀውን ነው። እንግዲህ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ከእግር ወደ ደረት ወጣ ማለት ነው። ወደ ጥንት ቦታው ልንመልሰው ስንፈልግ «የእግር» የሚል ዘርፍ መጨመር አስፈለገን።

ይህን ሥራ የተማርሁት በደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ከቆላ አገር ለመጣ ወጣት መምህር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብተር ሳርም እግሬ እየደነዘዘ ጫማዬን ማውለቅ እንኳ ይቸግረኝ ነበር። አከራዬ የመንዝ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ነበሩ። መንዝ በበግ ፀጉር የታወቀ አገር ነው፤ ፀጉሩ ሻካራ ይሁን እንጂ ሙቀትን አጥብቆ ይይዛል፤ በእንዝርት እየተፈተለ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። እኒህ ሴት ከዚሁ ክር የእግር ሹራብ ይሠሩ ነበር። አንድ ምሽት እግሬን ከምድጃው አጠገብ ሳሻሽ አዩኝና፣ «ልጄ፣ እግርህ እንዲህ ቀዝቅዞ ራስህ እንዴት ይሠራልሃል?» አሉኝ። በልቤ አንድ ጥንድ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። የሰጡኝ ግን አንድ ልቃቂት ክርና አምስት መርፌ ነበር። መርፌዎቹም ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ተቆርጠው ጫፋቸው በድንጋይ የተሞረደ ነበሩ።

«ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ አያፍርም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በመካከላችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን መስኮቱን ዘግቼ ነበር የምሠራው። ነገር ግን በአገራችን ጥጥ የሚፈትሉት ሴቶች ሲሆኑ የሚሸምኑት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ከክር ጋር ሲውል ለሽመና ያላፈረ ወንድ ለሹራብ የሚያፍርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሹራብ ከሸማ የሚለየው በምንድን ነው? ሸማ የሚሠራው ከድርና ከማግ ነው፤ ድሩ ቁመቱን ይዞ ይወጠራል፤ ማጉ በወርድ እየተመላለሰ ይሞላዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ታውቃላችሁ። በሹራብ ግን የሚያብር ድር የለም፤ ክሩ አንድ ብቻ ነው። ያው አንዱ ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ ቀለበት ውስጥ እየሾለከ ይሄዳል። የሸማ ክር ቀጥ ብሎ የተወጠረ ስለ ሆነ ብትስቡት ብዙ አይለጠጥም። የሹራብ ክር ግን በየቀለበቱ ጎብጦ ስለ ተኛ ስትስቡት ጉብጠቱ ይቃናል፤ ስትለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። የእግር ሹራብ ሰፊውን ተረከዝ አሳልፎ ጠባቡን ቁርጭምጭሚት መልሶ የሚጨብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራው መሠረት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ክሩን በመርፌው ጫፍ ላይ ትጠመጥማላችሁ፤ በቀለበቱ ውስጥ ስባችሁ ታወጣላችሁ፤ አሮጌውን ቀለበት ከመርፌው ታወርዳላችሁ። አዲስ ቀለበት ተወለደ ማለት ነው። ክሩ ከኋላ ሲመጣ ቀለበቱ ቀና ይሆናል፤ ከፊት ሲመጣ ደግሞ ግልብጥ ይሆናል። ሌላው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ቅንብር ነው።

በወፍራም የሱፍ ክር ለአዋቂ ሰው እግር 48 ቀለበት ይበቃል። እነዚህ በአራት መርፌዎች ላይ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ሆነው ይደለደላሉ፤ አምስተኛው መርፌ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው የመጀመሪያውን መርፌ ቀለበቶች ሠርቶ ሲጨርስ፣ ያ ባዶ የቀረው መርፌ በተራው ሠራተኛ ይሆናል። እንዲህ እየተፈራረቁ ዙሪያውን ሲዞሩ ስፌት የሌለው ቱቦ እየረዘመ ይወርዳል። አፉ ላይ ጥቂት ጣት ያህል ሁለት ቀና ሁለት ግልብጥ ይሠራል፤ ይህ ቅንብር በጣም ስለሚለጠጥ ሹራቡ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ቀና ብቻ ነው፤ ዓይን ባያይም እጅ ይሠራዋል።

እውነተኛው ችግር የሚመጣው ተረከዙ ላይ ነው። እግራችሁን ተመልከቱ፤ ባት ቁልቁል ወርዶ በድንገት ወደ ፊት ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ቱቦ በዚህ መታጠፊያ ላይ ቢጠለቅ ከፊት ይጨማደዳል፤ ከኋላ ይጎትታል። ታዲያ ቱቦን ሳይቆርጡና ሳይሰፉ እንዴት ያጥፉታል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሹራቦች ስሠራ ይህን ጥያቄ ራሴ ልመልስ ሞክሬ አቅቶኝ ነበር፤ የወጣልኝ ነገር እግር ሳይሆን የእህል ከረጢት ይመስል ነበር። አሮጊቷ ስቀው ካበቁ በኋላ ያሳዩኝ ዘዴ ይህ ነው። ከ48ቱ ቀለበቶች ግማሹ፣ ማለት 24ቱ ብቻ፣ ይሠራሉ፤ የቀሩት 24 በመርፌያቸው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። በሚሠሩት ላይ ዙሪያውን መዞር ይቀርና ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይጀመራል። ሃያ አራት መሥመር ያህል ሲሠራ ከተረከዝ በስተ ኋላ የሚውል አራት ማዕዘን ጨርቅ ይገኛል። ቀጥሎ መካከሉ ብቻ ይሠራል፤ በየመመለሻውም የጠርዙ ሁለት ቀለበቶች ተጣምረው አንድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጨርቁ በዓይናችሁ ፊት ጎበጥ ይልና ትንሽ ጽዋ ይሠራል። ከዚያም በጨርቁ በሁለቱም ጎኖች ላይ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት አዳዲስ ቀለበቶች ይለቀማሉ፤ የጠበቁት 24ም ተመልሰው ይቀላቀላሉ፤ ዙሩ እንደገና ይጀመራል። ጠፍጣፋ የነበረው ነገር ያለ መቀስ፣ ያለ ስፌት ሲታጠፍ ማየት የሚሰጠው ደስታ በቃል አይገለጽም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ብዙ ተረከዝ አዙሬአለሁ፤ አንዱም አልሰለቸኝም።

የቀረው ቀላል ነው። ትርፎቹ ቀለበቶች እየተጣመሩ 48 እስኪሆኑ ይቀነሳሉ፤ እግሩ እስከ ጣቶች ሥር ይሠራል፤ ከዚያ ደግሞ ስምንት ቀለበት ብቻ እስኪቀር ድረስ እየጠበበ ይሄዳል። በስምንቱ ውስጥ ክሩን አሳልፎ መሳብና መቋጨት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ በተለይ የምወደው ነገር አለ። ጨርቅ በመቀስ አንዴ ከተሳሳተ ተበላሸ ማለት ነው። በሹራብ ግን ስሕተት ስታዩ መርፌውን ታወጣላችሁ፤ ክሩን ትስባላችሁ፤ ስሕተቱ እስካለበት ድረስ ይተረተራል፤ ክሩም አንድ ጣት ሳይጎድል እንደገና ይሠራል። የሚጠፋው የደከማችሁበት ሰዓት ብቻ ነው። የድርሰት ረቂቃቸውን መሰረዝ የሚፈሩ ተማሪዎች አንድ ጊዜ ሹራብ ተርትረው ቢያዩ መልካም ነበር። በአንጻሩ አንዲት ቀለበት ሳትታወቅ ከመርፌ ካመለጠች እንደ መሰላል ቁልቁል እየተፈታች ትወርዳለች፤ ስለዚህ በየዙሩ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሹራብን በእጅ መሥራት ገንዘብ ያተርፋል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የእግር ሹራብ መሥሪያ መኪና የፈለሰፈው በ1589 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ በፍጥነት እጅ ከመኪና ጋር አይወዳደርም። በአንድ የእግር ሹራብ ውስጥ፣ ከላይ በተገለጸው መጠን ሲሠራ፣ ከ6,000 በላይ ቀለበቶች አሉ፤ በጥንዱ ከ12,000 በላይ ማለት ነው። ከገበያ የሚገዛው ካልሲ ለዚህ ሁሉ ድካም ከሚወጣው ክር እንኳ ሊረክስ ይችላል። ደግሞም አንዱን ከጨረሱ በኋላ ልክ እሱኑ የሚመስል ሌላ መጀመር አለ፤ ብዙ ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ጊዜ ነው። እኔን ግን ያለፍሁበትን መንገድ ሁለተኛ መሄድ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ስሄድ ያላየሁትን አያለሁ። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ ሬዲዮ ይሰማል፤ ሐሳቤም ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ስነሣም ቀኑ በከንቱ አልሄደም ለማለት የሚያስችል ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ በእጄ ላይ አለ። ብዙ የቢሮ ሥራ ይህን ያህል እንኳ አያሳይም።

ወደ ድመቷ ልምጣ። ድመት ከሰው ጋር የኖረችበት ዘመን ረጅም ነው። በ2004 በአውሮፓ አቆጣጠር ይፋ በተደረገ ጥናት መሠረት፣ በቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው መቃብር አጠገብ የድመት አፅም ተገኝቷል። የዛሬዋ የቤት ድመት የዘር ሐረግ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝም ታውቋል። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣች፤ ድመትም አይጥን ተከትላ መጣች። ውሻን ሰው ጠራው፤ ድመት ግን ጥቅሟን አይታ ራሷ የመጣች ትመስላለች። ከድመት ጋር የኖረ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም።

የእኔ ድመት ውሮ ትባላለች። ስም ለማውጣት አልደከምሁም፤ በአገራችን ስንቷ ድመት ውሮ ትባል የለምን? ቡናማ ናት፤ ደረቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለባት። ከቀኑ ከግማሽ በላይ ትተኛለች፤ ይህም ስንፍና አይደለም፤ ለአደን በአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት የሚያወጣ እንስሳ የሚኖረው እንዲህ ነው። የሰውነቷ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተኩል ያህል ስለ ሆነ ከእኛ ትበልጣለች፤ እግሬ ላይ ስትተኛ የእግር ሹራብን ሥራ ትሠራልኛለች። አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ ሆና ዓይኖቿን ቀስ አድርጋ ትጨፍንና ትገልጣለች። እናንተም ድመታችሁን አፍጥጣችሁ ከማየት ይልቅ እንዲሁ ቀስ ብላችሁ ብትጨፍኑላት ብዙ ጊዜ መልሳ ትጨፍናለች፤ በድመት ዘንድ ይህ የሰላም ምልክት ነው።

ስትደሰት በጉሮሮዋ ታንጎራጉራለች። ድምፁ የሚመጣው ከማንቁርቷ ሲሆን በሴኮንድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ትንፋሽ ስታስገባም ስታወጣም አይቋረጥም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ድመት የምታንጎራጉረው ስትደሰት ብቻ አይደለም፤ ስትታመምና ስትሠቃይም ታንጎራጉራለች። ይህን አለማወቄ ውድ ዋጋ ሊያስከፍለኝ ነበር።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ሹራብ ሲሠራ ክሩ ከልቃቂቱ እየተሳበ በወለሉ ላይ ይላወሳል። ለእኔ ክር ነው፤ ለውሮ ግን የአይጥ ጅራት ነው። ስትዘልበት፣ ስታሳድደው፣ በጀርባዋ ተንጋልላ በአራት እግሯ ስትታገለው ማየት ያስቃል። እኔም እያየሁ እስቅ ነበር። አንድ ክረምት የሁለተኛውን የእግር ሹራብ ተረከዝ ጨርሼ ሥራውን ወንበር ላይ ትቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ልቃቂቱ ከአልጋ ሥር ነበር፤ ክሩ እዚህም እዚያም ተበጣጥሷል፤ ጫፎቹም እርጥብ ናቸው። ተቆጣሁ፤ የተበላሸውን ለቅሜ ጣልሁ፤ ደህናውን ቀጥዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። የጣልሁት ከጎደለው ጋር እኩል መሆን አለመሆኑን አላሰብሁም።

በዚያው ቀን ማታ ውሮ ወተቷን አልነካችም። በማግስቱ ሁለት ጊዜ አስታወከች፤ ከቁም ሣጥን ሥርም ገባች። አውጥቼ ጭኔ ላይ ሳስቀምጣት ግን ማንጎራጎር ጀመረች። «እንግዲያማ ደኅና ናት» አልሁ። አንድ ሙሉ ቀን የባከነው በዚህ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ቀን በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። አፏን ከፍታ ምላሷን ቀና ስታደርግ ቡናማ ክር በምላሷ ሥር ተጠምጥሞ አየን።

እኔ ወዲያው እጄን ዘረጋሁ። «አባባ፣ እንዳይስቡት!» ስትል እጄን ያዘችኝ። ከዚያም ምክንያቱን አስረዳችኝ፤ እኔም ለእናንተ በጥንቃቄ ላስተላልፈው። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ባዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች የተሸፈነ ነው፤ ክር አንዴ ከተያዘባት መትፋት ያቅታታል፤ መዋጥ ብቻ ይቀራታል። የክሩ አንድ ጫፍ ምላስ ሥር ተጠምጥሞ ሲቀር፣ ሌላው ጫፍ አንጀት ውስጥ ይገባል። አንጀት ክሩን ወደ ፊት ለመግፋት ይታገላል፤ ክሩ ግን አይሄድም። ስለዚህ አንጀቱ ራሱ በክሩ ላይ ወደ ኋላ እየተሰበሰበ እንደ ከረጢት አፍ ይኮማተራል። ሰው በዚህ ጊዜ ክሩን ከአፍ ወይም ከኋላ ቢጎትት፣ የተወጠረው ክር አንጀትን እንደ ቢላዋ ሊቆርጥ ይችላል። ድመታችሁ ክር ከዋጠች እንግዲህ አትጎትቱ፤ እስክታስታውክም አትጠብቁ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱ።

«ምን ያህል ክር ጎድሏል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜ ልኬን ቀለበት ስቆጥር የኖርሁ ሰው ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከምላሷ ሥር ያለውን ጥምጥም በትንሽ መቀስ ቆርጣ ለቀቀችው። ቆይቶም ካልደረሰና እንዲህ ሲለቀቅ ክሩ ራሱ ተጉዞ ሊወጣ እንደሚችል፣ ካልወጣ ግን ሆዷ መከፈት እንዳለበት ነገረችኝ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየወሰድሁ አስመረመርኋት። በእነዚያ ሌሊቶች መርፌ አላነሣሁም። ከካርቶኑ አጠገብ ተቀምጬ ስታንጎራጉር እሰማ ነበር፤ ድምፁ ያው ነው፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ክሩ ወጣ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል ነበር። ረፋድ ላይ ውሮ ወተቷን ጠጣች።

አሁን ክሩ የሚቀመጠው ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው። ሥራዬን ሳቋርጥ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን እከድነዋለሁ፤ ስሠራም ክሩ የሚሾልከው በክዳኑ ላይ በበሳሁት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ውሮ የምትጫወትበት ከአሮጌ ጨርቅ የተሰፋ ኳስ አላት፤ ክር አልተንጠለጠለበትም። እርሷ ግን ከኳሱ ይልቅ በሣጥኑ ክዳን ላይ መቀመጥን ትመርጣለች፤ ቀዳዳውንም በሆዷ ትደፍነዋለች።

ያ ሁለተኛው የእግር ሹራብ ጣቶቹ ዘንድ ሲደርስ ቡናማው ክር አለቀ። የተበጣጠሰውን ስለ ጣልሁት የሚቀጠል አልነበረም፤ ያንን ቀለምም በገበያ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ጫፉን በነጭ ክር ጨረስሁት። ማታ ማታ አንዱ ጫፉ ቡናማ፣ ሌላው ነጭ የሆነውን ጥንድ አጥልቄ ስቀመጥ፣ ውሮ ትመጣና አገጯን በነጩ ጫፍ ላይ ጭና ትተኛለች።